ወንዙን መቅመስ የፈራው ጥርኝ

በድሮ ዘመን፣ ምድር ገና የእግዜር መዳፍ ሙቀት ሳይለቃት፣ ስሟን ማንም በማያውቃት አገር አንድ ወንዝ ነበር። ከጉም ይወጣል፣ ጉም ውስጥ ይገባል። ወንዙም ይወርዳል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ከታች እመት ድኩላ ከአንድ ግልገሏ ጋር ትኖራለች። ከላይ፣ ምንጩ አጠገብ፣ አያ ጥርኝ አለ፤ ሲያልፍ አገሩን በዝባዱ የሚያውድ። ጥርኝ ዓሣ ይወዳል፤ ማጥመድ ግን ይሰለቸዋል። ስለዚህ የብርብራ ፍሬ እየወቀጠ ወንዙ ላይ ይበትናል። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅማል። ራሱ የሚጠጣው ግን ከብርብራው በላይ፣ ከምንጩ ዓይን ነው። ወንዙም ይወርዳል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ከታች ያሉት ታመሙ። የድኩላ ግልገል እግሩ ከዳው፣ ዓይኑ እንደ ጉም ፈዘዘ። ጥርኝ ሊጠይቅ መጣ። እንዲያ የሚያውደውን ማን ይጠርጥር? "ዓይን በልቶት ነው፣ ውሃ አብዝተሽ አጠጪው" አላት። አጠጣችው፤ ባሰበት።

ድኩላ ወንዙ ዳር ተንበርክካ፣ "ጌታዬ፣ ያለኝ አንድ ነው፤ የሚገድለውን አሳየኝ" አለች። አሜን ስትል የሰከረ ዓሣ እግሯ ሥር ተንሳፍፎ መጣ፤ አፉ ላይ የብርብራ ቅርፊት። ቀና ብላ ወደ ላይ፣ ወደ ጥርኝ ቤት አየች።

ለዳኛው ለአባ ጉሬዛ አቤት አለች። ሸንጎው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ጥርኝ፣ "እኔን አሽትታችሁ ፍረዱ" አለ። አሸተቱትና ሊለቁት ምንም አልቀራቸውም።

ድኩላ ግን ከደጇ ውሃ በቅል ቀድታ ሰጠችው። "አያ ጥርኝ፣ የላይ ቤቱ አንተ ነህ፤ ወንዙን የምታጠጣን አንተ። ባገራችን ደግሞ ያጠጣ ቀድሞ ይቀምሳል።"

"አልጠማኝም።"

"መቅመስ ጥም አይጠይቅም፣ ልጄ" አለ አባ ጉሬዛ።

ጥርኝ ቅሉን ወደ አፉ አስጠጋ፣ መለሰ። አስጠጋ፣ መለሰ። ሸንጎው ያየዋል። በመጨረሻ ቅሉ ከእጁ ወደቀ።

ሸንጎው ደነገገ፤ ወንዝ ዳር የሚሠራ ሁሉ ከሥራው በታች ይጠጣ፣ ጠዋት ጠዋትም ከጎረቤት ቀድሞ ይቅመስ። ጥርኝን ከቤቱ አላባረሩትም፤ መጠጫው ግን ከድኩላ ደጅ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ብርብራ ሲወቀጥ የሰማ የለም። አያ ጥርኝም እያዛጋ ማጥመድ ለመደ።

ግልገሉ ቀስ እያለ ቆመ፤ አንድ ማለዳም ጉሙን በአፍንጫው እየገፋ ሮጠ። ወንዙም ይወርዳል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ተረቴን ወንዝ ይውሰዳት፣ ፍሬዋን ለእናንተ ይተዋት፦

ከላይ ያለ ከታች ቢጠጣ፣
ወንዝ በሽታ ባላመጣ።