የኦርዶላ ዝንብ ሠሪዎች ስም ለምን ይጠራሉ?

በባሌ ደጋ፣ ኦርዶላ በሚሉት ቀዝቃዛ ወንዝ ዳር ባለችው መንደር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ትል አይጠቀሙም፤ ከአውራ ዶሮ ላባና ከፈረስ ጭራ ዝንብ ይሠራሉ። ዝንቡ መንጠቆ ላይ በክር ተጠምጥሞ ሲጣል አይሰምጥም፤ ትራውት የሚባለው ነጠብጣባም ዓሣም እውነተኛ ዝንብ መስሎት ከሥር ዘሎ ይውጠዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም አያስገርምም። የሚያስገርመው ከፈረስ ጭራ ጥቂት ፀጉር የፈለገ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ከፈረሱ ባለቤት ደጅ ቆሞ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ባለቤቱም በገዛ አፉ «አለሁ!» ካላለ በቀር አንዲት ፀጉር አይነካም። ሚስት «ገበያ ሄዷል፣ ግባና ውሰድ» ብትል አይሆንም። ፈረሱ እዚያው ፊቱ ቆሞ ጭራውን ቢያወዛውዝ እንኳ ሌላ ቀን ይመለሳል እንጂ አይወስድም።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ሽማግሌዎችን ጠይቄ ነበር፤ አንዱ የነገረኝን ሌላው እያፈረሰው ስለሄደ እኔም ግራ እንደተጋባሁ ነው የምጽፈው። ሁሉም የሚስማሙበት ቢኖር ገመዳ የሚባል ሰው እንደነበረ ብቻ ነው።

እንደሚነገረው፣ ዓሣውን ከባሕር ማዶ አምጥተው ወንዙ ውስጥ የለቀቁት እንግዶች ሲሄዱ ለገመዳ አንድ የላባ ዝንብ ትተውለት ነበር። ገመዳ ዝንቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ክሩን በእሾህ እየፈታ መረመረው፤ ላባው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ መሆኑን ወዲያው ዐወቀ፣ ከኋላ እንደ ጅራት የተተከለው ፀጉር ግን የምን እንደሆነ ጠፋው። የፍየል ፀጉር ሞከረ፣ ዝንቡ በጎኑ ተንጋደደ። የበግ ሞከረ፣ ውሃ ጠጥቶ ሰመጠ። ከሚስቱ ራስ ላይ ሊነቅል ሲል ያገኘው ምላሽ እዚህ አይጻፍም። በመጨረሻ ዓይኑ የቃሲም ዳለቻ ፈረስ ላይ አረፈ። ቃሲም የልብ ወዳጁ ነበር፤ በዚያ ሰሞን በቅሎውን ይዞ ለጨው ወደ ቆላ ወርዷል። ገመዳ ጎህ ሲቀድ መስክ ላይ ወደታሰረው ፈረስ ሄደና ጭራውን ጨብጦ በቢላ ቆረጠ፤ ዐሥር ፀጉር የሚበቃው ሰው ለዓመት እንዲሆነኝ ብሎ እፍኝ ሙሉ ወሰደ።

ታዲያ በዚያ ዘመን በዚያች መንደር፣ ሰው በሩቅ አገር ሲሞት መርዶ ነጋሪው ቤት ገብቶ አይናገርም ነበር ይባላል። አፉ ስለማይችልለት የሟቹን ፈረስ ጭራ ቆርጦ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ሲነጋ ያንን አይቶ ይረዳል። ገመዳ ይህን አያውቅም እንዳይባል የመንደሩ ተወላጅ ነው። ያውቃል፤ ልቡ ግን ዝንቡ ላይ ነበር።

የቃሲም ሚስት ኩልሱማ ላም ልታልብ ወጥታ ፈረሱን አየችው። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ ገመዳም መጣ። ፈረሱን ወደ ጓሮ ወስደው ጥቁር ጨርቅ አልብሰውት ስለነበር አላየውም፤ ወዳጅህ ሞተ ሲሉት ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ጭራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው እንግዲህ። በሦስተኛው ቀን ለፈረሱ ሣር ልስጥ ብሎ ጓሮ ሲገባ የተቆረጠውን ጭራ አይቶ ነው ነገሩ የገባው፤ እየሮጠ ወደ ለቅሶው ዳስ ተመለሰና ፀጉሩን ከኪሱ አወጣ።

«ኩልሱማ እህቴ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ወላሂ እኔ ነኝ! ለዓሣ ነው! ቃሲም አልሞተም!»

ኩልሱማ ፀጉሩን አየች፣ ሰውየውን አየች፤ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ለቀስተኛው ገመዳን ይምታው ወይስ ይቀፈው ሲያመነታ፣ የመንደሩ ሽማግሌ ሀጂ ሙክታር እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ እስቲ። እውነተኛው መርዶ ነጋሪ ከገመዳ በኋላ መጥቶ ቢሆንስ? ጭራው ተቆርጦ ሲያገኘው ሌላ ሰው ቀድሞኛል ብሎ አይመለስም?»

ገሚሱ የዳሱን ምሰሶ ሲነቅል ገሚሱ መልሶ ይተክል ነበር ይላሉ።

«ታዲያ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» አለች ኩልሱማ።

«አላህ ያውቃል።»

«አላህ ማወቁንማ እኔም አውቃለሁ፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ እንጂ!»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለኩልሱማ ከመርዶው ይልቅ የከፉ ነበሩ። ዝም ብላ ልጠብቀው ስትል ባሏን ሳታለቅስለት የቀረች መሰላት፤ ስታለቅስ ደግሞ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ያሟረተች መሰላት። ጠዋት ጥቁር ሻሿን ታስራለች፣ ቀትር ላይ ትፈታዋለች። ይህ ዘጠኝ ቀን ቆየ የሚሉ አሉ፤ ወር ሞላው የሚሉም አሉ።

ቃሲም ጨው የጫነ በቅሎውን እየነዳ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች ሙት የተነሣ መስሏቸው እየጮኹ ሸሹት። ከቤቱ ደጅ ሲደርስ ዳስ ተጥሏል። የቤቱ ሰው ኩልሱማ ብቻ ናትና ሌላ ምን ያስብ? በቅሎውን ለቀቀና ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ኩልሱማ! ኩልሱማዬ!» እያለ ያለቅስ ጀመር።

ድምፁ ውስጥ ድረስ ተሰማ። ኩልሱማ እስክትነሣ እንኳ አልጠበቀችም፤ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጠች ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ፣

«አለሁ!» አለች። «አንተስ አለህ?»

«አለሁ!» አላት።

ያን ዕለት ሀጂ ሙክታር መርዶ በጭራ መንገር እንዲቀር፣ ጭራ ፈላጊም ባለቤቱን ጠርቶ መልሱን በጆሮው እንዲሰማ ወሰኑ ይባላል። ገመዳ ያን እፍኝ ፀጉር ምን እንዳደረገው ግን አልተስማሙልኝም፤ አንዳንዶች ተጸጽቶ ቀበረው ይላሉ፣ ሌሎች በነጋታው ዝንብ ሠርቶበት ወንዝ ወረደ ይላሉ። ዓሣ አጥማጅ ስለማውቅ እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሲራጅ የሚባል ዝንብ ሠሪ ተከትዬ ፀጉር ፍለጋ ሄጄ ነበር። ከአንድ ደጅ ቆምንና ሲራጅ «ከድር! ኧረ ከድር!» ብሎ ተጣራ። መልስ ሲጠፋ ደግሞ ሊጠራ አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ። ከድር በክረምቱ ሞቷል፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ራሱ ሲራጅ ነበር። ለዓመታት እዚያ ደጅ መጥራት የለመደ አፉ ቀደመው። የከድር ሚስት ሩቂያ ወጣች።

«አፉ በይኝ እህቴ» አለ ሲራጅ፣ የሚገባበት ጠፍቶት። «እንዴት እንደሆነ እኔም…»

«ግድ የለም» አለች አጥሩን ደገፍ ብላ። «ስሙን የሚጠራው ሰው ጠፍቷል። አንዴ ድገመው።»

ሲራጅ እኔን አየኝ። ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ ጠራው፤ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን።