ፍየሏ እንዴት ተሻገረች?

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ!

በወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ አንዲት ኩሩ ፍየል ከግልገሏና ከአንድ የበግ መንጋ ጋር ስትግጥ፣ ድንገት ደራሽ ውሃ መጣ። ሣሩ ከዳር ከዳር ይሰጥም ጀመር። መውጫው ወንዙ ላይ የተጋደመ አንድ ግንድ ብቻ ነበር።

«እኔን እያየህ ተከተለኝ!» አለችው ግልገሏን። ግንዱ ላይ ስትወጣ ግን ውሃው አስፈራት። ውሃውን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና፣ በዳበሳ ማዶ ደረሰች። ዞር ብላ ብታይ፣ ግልገሏም ግንዱ መሃል ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ እግሩን አየር ላይ ሰቅሏል!

«ኧረ ዓይንህን ግለጥ!»

«አንቺ ጨፍነሽ አይደል እንዴ የተሻገርሽው፣ እማዬ?»

ፍየሏ እየሮጠች ወደ ግንዱ ተመለሰች፤ መሃል ላይ ደርሳ ግንባሩን በአፍንጫዋ ነካች፤ ግልገሉ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ፊቷን አዙራ፣ ያንን የምትፈራውን ውሃ ቁልቁል እያየች መራችው። ሁለቱም ማዶ ደረሱ።

እፎይ ብላ ቀና ስትል በጎቹም ዓይናቸውን ገልጠው ግንዱ ላይ ናቸው። እሰይ! አንድም ሳይቀር ተሻገሩ። ተሻገሩና፣ አውራው በግ መንጋውን አስከትሎ ወደ ግንዱ ተመለሰ!

«አያ በግ! ደግሞ ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች።

«እመት ፍየል፣ ስትሻገሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተንሻል» አላት። «መሃሉ ድረስ ተመልሶ መምጣቱ ገና ይቀረናል!»

ተረቴ ማዶ ደርሳለች፤ ለአፌ ማበሻ ዳቦ ያለው ያቀብለኝ።