ፊት የሌለው ብር

በቁጥሩ ተሳስቼ ይሆናል፤ ነገሩን ከሽመላ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። የማስታውሰው ግን እንዲህ ነው።

በዚያ ጫካ በበጋ የማይደርቅ አንድ ወንዝ ብቻ ነበር፤ እሱም የአንበሳ ነበር። እያንዳንዱ መንጋ በጋውን ለመጠጣት አንድ ወቄት ወርቅ ይገብራል። ወርቅ የሌለው በምትኩ አሥራ ስድስት ጠገራ ብር ለነጋድራስ ጅብ ያስረክባል። ብሩን የሚያገኙት የአንበሳን ጭነት እየተሸከሙ፣ በአንድ ሸክም አንድ ብር ነው። ከአባት የወረደ ሥርዓት ስለሆነ ማንም መርምሮት አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ ጥር እንደ ጠባ፣ ወንዙ ሦስት ቀን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ጅብ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ባሕር ማዶ ብር ረክሷል። ከእንግዲህ አንድ ወቄት በሠላሳ ሁለት ብር ነው። ያልከፈለ አይጠጣም። የሸክማችሁ ዋጋ ግን ያው አንድ ብር ነው፤ ጌታችን የቆየ ልማድ አያፈርሱም።»

ዔሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ነጋድራስ፣ ለእኛ ሲሰጥ ያልረከሰ ብር ከእኛ ሲወሰድ እንዴት ረከሰ?»

«ባሕር ማዶ ሄደሽ ጠይቂያ፣ እመት ዔሊ። እስክትመለሺ ዋጋው ሌላ ይሆናል።»

ጥቂቶች ሳቁ። ድኩላ አልሳቀችም። ግልገሏ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እግሯ ሥር ተኝቷል፤ ያለ ውሃ ከነገ እንደማያልፍ ታውቃለች።

ጅብ ሲሄድ ከርከሮ ተናገረ። «ብሩ የረከሰው ስለ ጠቆረ ነው። በየጉድጓዱ ቀብረን አበላሸነው። ብናጠራው አሥራ ስድስቱም ይበቃል።»

ዔሊ «ተዉ፣ አትንኩት» ብትልም የሰማት የለም። በደረቅ አሸዋ ሲፈትጉት ዋሉ። ብር የሚቀበል ሁሉ በላዩ የተቀረጸችውን ሴት የጌጧን ፍሬዎች እንደሚቆጥር፣ ፍሬው የጠፋውንም እንደሚመልስ ያውቁ ነበር። የተጨነቀ ግን የሚያውቀውን ይረሳል።

በማግስቱ ጅብ አንዱን ብር አገላብጦ አየው። «ፍሬዎቹ የት ሄዱ?»

ብሩን አሸዋው ላይ ወረወረው።

«ይህ ብር ፊት የለውም። መቶ ብታመጡም አልቀበለውም።»

ያን ጊዜ ድኩላ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች በጅብ አጠገብ ወደ ወንዙ ወረደች።

«ወዴት ነው፣ እመት ድኩላ?»

«ውሃ ልጠጣ።»

«በምን?»

«በአፌ።»

ጅብ ዞሮ አንበሳን አየ። አንበሳ ወንዙ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹን ይመለከታል። አንድ እርምጃ ወደፊት የሄደ አልነበረም፤ ወደ ኋላ ያፈገፈገም አልነበረም።

ሽመላ ከዚያ የተነሣችው በዚያው ቀን፣ በጥር ሥላሴ ማግስት ነው። ስትነሣ ግልገሉ እየጠጣ ነበር፤ አንበሳም ገና ከተቀመጠበት አልተነሣም። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ወሬ የለም።