ማሽላ ማሳ ውስጥ የተገኘው ፎቅ

በ2006 ዓ.ም. የጥቅምት ዝናብ ቶሎ ቆመና ፀሐይ በረታ። አንድ ገበሬ በአራት ግንድ ላይ ከቆመው የእንጨት ማማው ሆኖ ማሽላውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ፣ የወረዳው የግንባታ ኃላፊ አቶ ይልቃል አቀበቱን በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ ደረሱ።

«ውረድ አንተ! አዲሱ ደንብ ከመሬት ከፍ ብሎ ወለል ያለው ሁሉ ፎቅ ነው ይላል። ያለ ፈቃድ ፎቅ ሠርተሃል፤ ዛሬውኑ አፍርስ!»

«ጌታዬ፣ እንጨትና ጭራሮ እኮ ነው። ካፈረስኩት እሸቱን ዝንጀሮ ይጨርሰዋል።»

«ፎቅ ነው አልኩህ!» አሉና መዝገባቸው ላይ «ፎቅ» ብለው ጻፉ።

ገበሬው ከማማው ሳይወርድ መለሰ።

«እሺ፣ ፎቅ ይሁን። መንገድ ስንለምንዎት ሰባት ዓመት ሙሉ ‹ሕንፃ ለሌለበት ቀበሌ መንገድ አይገባም› ሲሉን ኖረዋል። ይኸው ዛሬ በራስዎ አፍ ፎቅ ተገኘልን። እንግዲህ ፎቅ መኖሩን ይፈርሙልኝና መንገዱን ያስገቡልን፤ ከዚያ በመኪና መጥተው ያፍርሱት።»

አቶ ይልቃል የመንገዱን ጣጣ ሲያስቡት ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ «ፎቅ» የሚለውን ሰረዙና «ባለ አራት ግንድ ዛፍ» ብለው ጽፈው ቁልቁለቱን ተያያዙት።