በር ላይ የቆመው ቁንጫ ለቃሚ

«አንድ ሀብታም ነበረ፤ ቁንጫም ነበረው» አሉ መምህር ዘውገ።

ያፌት ግራ ገባው። የመጣው ድሮ ባዮሎጂ ያስተማሩትን ሰው ስለ ዓሣ ሊጠይቅ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለው የመስታወት ገንዳ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የጎመን መረቅ መስሏል፤ ዓሦቹም ሰውነታቸውን ከጠጠሩ ጋር እየፈተጉ ይውላሉ። አንድ ሱቅ ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት አሳይተውታል፤ ውሃው በአጠገቡ ሲያልፍ ጀርሙን ይገድላል ብለውታል። ይግዛው ወይስ ይተወው?

«መምህር፣ እኔኮ የጠየቅሁት ስለ ዓሣ ነው።»

«ሰምቼሃለሁ። አሁን ደግሞ አንተ ስማ» አሉና ቀጠሉ።

ሀብታሙ ከወዳጆቹ ጋር በየወሩ ተራ በተራ የሚደገስ ማኅበር ይጠጣ ነበር። የእሱ ተራ ሲደርስ ግን ማኅበርተኛው በአንድ ቀን ይታመማል፤ አንዱን ወገቡን፣ አንዱን ጥርሱን። ያልታመሙትም መጥተው ጠላውን በአንድ እጃቸው ይጠጣሉ። ሌላኛው እጅ ማከክ ላይ ነው።

ሀብታሙ አፈረና ጣቱ የፈጠነ አንድ ቁንጫ ለቃሚ ከሩቅ አገር አስመጣ። ለቃሚው ድሃ ነው፤ ሲበዛ ጠንቃቃ፣ ራሱንም የሚጠራጠር ሰው።

«እንግዳው ሁሉ ቁንጫውን ይዞብኝ ይመጣል» አለው ሀብታሙ። «በሩ ላይ ቁም፤ አንዲት እንዳታሳልፍ። ካሳለፍህ ከደጄ ትሄዳለህ፤ ሥራ እንደማትችልም ለአገር ሁሉ እነግርብሃለሁ።»

ለቃሚው ሌላ ሙያ የለውም። ስለዚህ ደጃፉ ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ፈተሸ። ጋቢ ያራግፋል፣ የሱሪ እግር ይገለብጣል፣ የያዘውን ቁንጫ አመድ ባለበት ቅል ውስጥ ይጨምራል። የማኅበሩ ቄስ ሲመጡም አላለፋቸውም።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እጅዎን ወደ ላይ።»

«አንተ ሰው፣ ቄስም ይፈተሻል?»

«እርስዎማ ምን አለብዎት፣ አባቴ። ቁንጫው ግን ክህነት አያውቅም» አለና ከጋቢያቸው ጥለት አንዲቱን መዝዞ አሳያቸው። ቄሱ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከውስጥ የማከክ ድምፅ አልቀረም። «ያዝኳት! ኧረ አመለጠችኝ!» ሲባል ለቃሚው ከደጅ ሆኖ ይሰማል፤ በሰማም ቁጥር «አንዷ ሾልካብኛለች» ይላል። በሚቀጥለው ተራ እንግዶቹን አንድ በአንድ፣ በዝግታ አስገባቸው። የቸኮለው ሲገፋው «ቀስ በሉ፣ ጌቶች! ሮጦ ያለፈ ሰው ተፈተሸ አይባልም» ይላል። ቅሉ እስከ አፉ ሞላ። ሀብታሙ በአንድ እጁ ቅሉን ለእንግዶቹ እያሳየ ኮራ፤ በሌላው እጁ ብብቱን ያካል።

እንግዶቹ እያከኩ ከሄዱ በኋላ ግን ለቃሚውን ጠርቶ «የሚቀጥለው ተራዬ የመጨረሻህ ነው» አለው።

ተራው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለቃሚው አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ወደ ቤቱ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቦታው በሩ ነበረ፤ ምግቡም የሚመጣለት እዚያው ነው። «ጥፋቴን ከሚቀመጡበት ሆኜ ልየው» ብሎ አስቀድሞ የራሱን ልብስ ፈተሸ። ተጠራጥሮ እንደገና ፈተሸ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጦ እስከ መቶ መቁጠር ጀመረ። ሠላሳ ሳይሞላ ሰባት ቦታ ተነከሰ።

መደቡ ላይ ሀብታሙ ከአባቱ የወረሰው፣ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ የሰንጋ ቁርበት ተነጥፏል። ለቃሚው ጫፉን ይዞ ገለጠው። ከሥሩ ያለው አቧራ ተንቀሳቀሰ። ሀብታሙ እዚያው ለሚተኛው ለሚወደው ውሻ በየሰዓቱ የሚጥለው፣ ውሻውም ጠግቦ የሚተወው ፍርፋሪ እዚያው ተከምሮ ሻግቷል።

«ማን ንካ አለህ? የአባቴ ቁርበት ነው!» ብሎ ሀብታሙ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ እኔ የምይዘው የሚያልፈውን ነው። ይኼኛው እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሚያረጅ ነው፤ አንድ ቀንም በበሩ አልፎ አያውቅም።»

ሀብታሙ ሊሳደብ አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ጀርባውን፣ እጁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ተነከሰ። አፉን ዘጋ። ጀርባውን ከግድግዳው ጋር እየፈተገ «አውጣው» አለ።

ቁርበቱ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ወለሉ ተጠርጎ በእበት ተለቀለቀ። ውሻው ታጥቦ ወደ ደጅ ወጣ፤ ምግቡም ጨርሶ በሚልሰው ልክ ሆነ። የማኅበሩ ቀን የታመመ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጠላውን በሁለት እጁ ጠጣ።

ሀብታሙ ለቃሚውን ከውስጥ ከእንግዶቹ ጋር አስቀመጠውና «እንግዲህ አንተ ምን ትሠራልኛለህ?» አለው።

ለቃሚው አሰበ። «ጥቂት፣ ጌታዬ። ከእንግዳ ጋር የምትመጣዋን እይዛለሁ። ከእኔ በፊት ግን የሚያስፈልግዎ መጥረጊያ ነበር።»

ሀብታሙ ስቆ በሥራው አቆየው።

መምህር ዘውገ ወደ ያፌት ዞሩ።

«ለቃሚው መብራትህ ነው። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ በፊቱ ቀስ ብሎ ካለፈ ይገድለዋል፤ ውሃህም ይጠራል። ሐሰት አልነገሩህም። ነገር ግን ጠጠሩ ውስጥ የተኛው፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው፣ የዓሦችህ ቆዳ ላይ ተቀምጦ የሚያሳክካቸው፣ እነዚህ በበሩ አያልፉም። ጠጠሩን ያጠብኸው መቼ ነው?»

«ሰኔ አካባቢ።»

«የትኛው ሰኔ?»

ያፌት በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«በቀን ስንት ጊዜ ታበላቸዋለህ?»

«ሲርባቸው ነው፣ መምህር። አፋቸውን ሲከፍቱ።»

«ዓሣ አፉን የማይከፍተው መቼ ነው፣ ልጄ? እንግዲያው ሂድና ቁርበቱን አንሣ። ጠጠሩን እጠብ፣ ምግቡን ቀንስ፣ የታመመውን ለይተህ አክም። ይህን አድርገህ ውሃው አሁንም አረንጓዴ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ለቃሚውን በሩ ላይ አቁመው። ከዚያ በፊት ብታቆመው ግን ቅሉ ይሞላልሃል እንጂ ማከኩ አይቀርልህም።»