የቆላው ሯጭ ጓዝ

አንድ ቆለኛ ሯጭ ነበር፤ ሽባባው ይባላል። በመንደሩ አሸዋ ላይ ከተነሳ ሚዳቋ አትደርስበትም። ውርጭ የሚባል ነገር ግን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ብርድ ማለት ለእሱ ከወንዝ ታጥቦ ሲወጣ ፀሐይ እስክትመታው ድረስ የሚሰማው ነገር ነበር።

የእሱ መንደርና ከተራራው ወገብ ላይ ያለው የደጋ መንደር የሚጠቀሙት በአንድ ወንዝ ነው። በጋ ሲገባ ውሃው ለሁለቱ አይበቃም። አባቶቻቸው በውሃ ምክንያት መገዳደል ሲሰለቻቸው አንድ ሥርዓት አበጁ። ከየመንደሩ አንድ ሯጭ ይመረጣል። ሁለቱ ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ዳር ተነስተው ተራራው ጫፍ ድረስ ይወጣሉ፤ እዚያ ጫፉ ላይ ብቻ ከሚበቅለው ጅብራ አንድ አንድ ቅጠል ይዘው ይመለሳሉ። ቀድሞ የገባው ሯጭ መንደር የበጋውን ውሃ ይወስዳል፤ ሌላው የተረፈውን ይጠብቃል። የተረፈ ሲባል ደግሞ ጭቃ ማለት ነው፤ አትሳሳቱ። ቆለኞቹ ጭቃ ሲጠብቁ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ያላቸውን ሁሉ ሽንኩርት ላይ አውለውታል። ውሃው ካመለጣቸው ችግኙ ይደርቃል፣ መንደሩም ቤቱን ዘግቶ ለቀን ሥራ ይሰደዳል።

ሽባባው ሲመረጥ ሴቱ እልል አለ። እልልታው ሲያባራ ጥያቄ መጣ፤ ምን ለብሶ ይውጣ? ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀድሞ የሮጡት ሁሉ ጭቃው ሰልችቷቸው ስለተሰደዱ፣ በመንደሩ ተራራውን የሚያውቁት እትዬ ትጓደድ ብቻ ነበሩ። ደጋ ተወልደው፣ እዚህ ተድረው፣ እዚህ ያረጁ ባልቴት ናቸው። አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ አንድ ሰፌድ ምስር ይለቀማል። ሽባባው ሄዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«እትዬ፣ ተራራው ላይ ምን ለብሼ ልውጣ? ምንስ ልያዝ?»

ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት። «ልጄ» አሉ፣ «ቀለል ብለህ ውጣ…»

የሽባባው ፊት ጠቆረ። በዚያ አገር «ከባድ ሰው» ሲባል የተከበረ ማለት ነው። «ቀለለ» ሲባል ደግሞ ተዋረደ፣ የሰው መሳቂያ ሆነ ማለት ነው። እናት ልጇን ወደ ሰው ቤት ስትልክ «እንዳትቀል» ብላ ነው የምትመክረው። ሽባባውም ያችን ቃል ሲሰማ ጆሮው ተደፈነ።

«እኔ ነኝ ቀላል?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ…»

«የመንደሩን ክብር ተሸክሜ ስወጣ ቀለል በል ይሉኛል? ለነገሩ እርስዎ ደገኛ ነዎት። ውሃው ለማን እንዲሆን እንደሚመኙ ማን ያውቃል!» ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

እትዬ ትጓደድ ነገሩን አልጨረሱም ነበር። «…ስትቆም ግን ደርብ» የሚለውን የቀረውን ግማሽ የተናገሩት ለጀርባው ነው። ጀርባ ደግሞ ጆሮ የለውም። ሊሉት የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር፤ የሚሮጥን ሰው የገዛ ደሙ ያሞቀዋል፣ ተራራ ላይ ሰውን የሚገድለው መቆም ነው፣ ስለዚህ ለሩጫው ስስ ነገር ልበስ፣ ለምትቆምባት ጊዜ ደግሞ አንድ ሙቅ ነገር ያዝ። ይኸው ነው። ማኩረፍ ባይኖር ምስሩ ተለቅሞ ሳያልቅ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተራራውን የማያውቅ ሁሉ መካሪ ሆነ።

መጀመሪያ የመጡት የመንደሩ ሽማግሌ አባ ጓንጉል ናቸው። «እኔ በጉልምስናዬ ተራራውን ከሩቅ አይቼዋለሁ» አሉ። «ከሩቅ እንኳ ይበርዳል! እንካ ይኸን ጋቢ። የሠርጌ ነው፤ አደራ።»

ነጋዴው ከከተማ ያመጣውን ካፖርት ይዞ መጣ። ካፖርቱ ሰው ባይገባበትም ብቻውን ይቆማል። «ፈረንጅ በረዶ ላይ የሚለብሰው እሱን ነው» አለ። ፈረንጁ በረዶ ላይ ለብሶት ይሩጥ ወይም ይቀመጥ ማንም አልጠየቀም።

ቄሱ ጥላቸውን ሰጡት። «ልጄ፣ እዚያ ሰማዩ ቅርብ ነው። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርድብህ።» ጡረታ የወጣው ወታደር ደግሞ ቡትስ ጫማውን አመጣ። ለሽባባው እግር ሰፊ ነው፤ «ካልሲ ደራርብበት፣ ወታደር እግሩ ካልከበደ አይጸናም» አለው። አንዷ ጎረቤት ለአየሩ መሳሳት እያሸተተ እንዲወጣ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገቱ ላይ አሰረችለት። አንዱ ጠግበህ ብላ ይላል፤ ሌላው ባዶ ሆድህን ውጣ ይላል። አንዱ ጆሮህን ሸፍን፤ ሌላው ጆሮ ከተሸፈነ ትንፋሽ በየት ይገባል? ይህን ያለው እንኳ ሰው ፊት አላፈረም።

ሽባባው ለሁሉም «እሺ» ይላል። ጋቢውን ከታች ካፖርቱን ከላይ አድርጎ ይሞክራል፤ ያልበዋል። ካፖርቱን አውልቆ ጋቢውን ይደርባል፤ ይሰጋል። ሁሉንም ፈትቶ መሬት ላይ ይዘረጋና እንደገና ያስራል። ራሱ ዞረ። አንዱን ብቻ «ይቅርብኝ» ቢል ይገላገል ነበር፤ ግን የአባ ጓንጉልን ተቀብሎ የቄሱን በምን አፉ ይመልሳል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ ከካፖርት ይከብዳል።

የውድድሩ ማለዳ ደገኛው ሯጭ በቁምጣና በስስ ሸሚዝ መጣ። ወገቡ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራች አጭር ባና ጠቅልሎ አስሯል። ቆለኞቹ ሳቁበት። «ይኸ ሰውዬ ሊሮጥ ነው ወይስ ሊዋኝ?»

ደገኛው የሽባባውን ጓዝ ዞሮ ተመለከተው። «ወንድም ዓለም፣ ለውድድር ነው ወይስ ቤት እየለቀቅክ ነው?»

ተነሱ። እግር እግር ነውና ሽባባው ያን ሁሉ ተሸክሞም ቢሆን ከደገኛው እኩል ወጣ። ግን ላቡ ከካፖርቱ ሥር መውጫ አጣ። ጋቢው ላቡን ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ከበደ። እግሩ ቡትሱ ውስጥ ይዋኛል። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ እንደ ድሃ ወጥ ቀጠነ፤ ነጭ ሽንኩርቱን ቢያሸትም የመጣለት የወጥ አምሮት ብቻ ነው። ጫፉ ሊደርሱ ሲሉ በረዶ ወረደ። ሽባባው ጥላውን ዘረጋ፤ ነፋሱ ጥላውን ገልብጦ እሱንም ወደ ኋላ ጎተተው። እንደምንም ብሎ፣ እየተንፏቀቀም ቢሆን ከደገኛው ብዙ ሳይርቅ ጫፉ ላይ ደርሶ ቅጠሉን ቀነጠሰ።

ደገኛው ባናውን ደርቦ ትንፋሹን ሰበሰበና ቁልቁለቱን ተያያዘው። የበግ ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልተበላሸም ነበር። ቁልቁለት የሽባባው ነው። ጓዙን እዚያው ጥሎ ቢወረወር ደገኛውን ወንዙ ሳይደርስ ይይዘው ነበር። እሱም አውቆታል። «መጣል አለብኝ» ብሎ ጮኸ፤ ተራራው ላይ ማንም የለም፣ ለራሱ ነው የጮኸው።

ግን የማንን?

የአባ ጓንጉልን ጋቢ አንስቶ ሊወረውር ሲል «የሠርጋቸው ነው» አለና መለሰው። ካፖርቱን ሊጥል ሲል ነጋዴው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ዕድሜ ልኩን ሲያወራለት ታየው። ጥላው? የቄስ ነው፤ የተሰበረውን እንኳ ይዞ መመለስ ይሻላል። ጫማው? ወታደሩ ምን ይለዋል? ነጭ ሽንኩርቱን ከአንገቱ ፈትቶ ትንሽ አሰበና መልሶ አሰረው። ጋቢውን ከጣለ ካፖርቱን ለምን አስቀረ ይባላል፤ ካፖርቱን ከጣለ አባ ጓንጉል በነጋዴው ፊት ይኮራሉ፣ ነጋዴው ያኮርፋል። ሁሉንም ደረደራቸው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አያቸው። ወንዙ፣ ሽንኩርቱ፣ የሚሰደደው ሰው ሁሉ ከሐሳቡ ጠፋ። የቀረው ማንን ላስቀይም የሚለው ብቻ ነው።

እዚያ እንደ ቆመ ላቡ ገላው ላይ በረደ። ጣቶቹ ቅጠሏን መጨበጥ አቃታቸው። ሁሉንም መልሶ ለበሰ፤ ሁሉም እርጥብ ነውና አንዱም አላሞቀውም። ያን ሁሉ ታቅፎ ሰው እንደ ሞተበት ሰው እየተደናበረ ወረደ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ደገኞቹ እየዘፈኑ ቦዩን ወደ ራሳቸው መልሰውት ነበር።

መንደሩ ሊቀበለው ሮጠ። ሽባባውን ደህና ነህ ያለው የለም።

«ጋቢዬ ተቀደደ እንዴ?»

«ካፖርቴስ? ቁልፉ አለ?»

አንድም ነገር አልጎደለም። ሁሉም የየራሱን ተቀብሎ፣ ጨምቆ፣ አጥር ላይ አሰጣው። ከአጥሩ ወዲያ የሽንኩርቱ ችግኝ አንገቱን መድፋት ጀምሯል። ልብሱ ሲደርቅ ክርክር ተነሳ።

«እኔ የሰጠሁት አንድ ጋቢ ነው» አሉ አባ ጓንጉል። «አንድ ጋቢ ሰው ያስቀራል?»

«እኔም አንድ ካፖርት ነው።»

«ጥላ ደግሞ ምን ይመዝናል?» አሉ ቄሱ።

ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሽባባው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እየተመለከተ «ታዲያ የከበደኝ ማን ነው?» አለ። ሁሉም የየራሱን ከአጥሩ ላይ አወረደ። ሽንኩርቱ ደረቀ፤ ልብሳቸውም ስለደረቀ ለስደቱ እሱኑ ለብሰው ወጡ።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ተራራውን የማያውቅ ሰው ለሚወጣ ሰው የሚሰጠው ልብስ አይደለም፤ ፍርሃቱን ነው። አንተን አሸክሞህ እሱ ቀሎት ይተኛል። ሽባባውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ተራራውን የሚያውቁትን የእትዬ ትጓደድን ቃል ክብሬ ተነካ ብሎ በግማሽ ሰማ፣ የማያውቁትን ሁሉ ግን በይሉኝታ እስከ መጨረሻው ሰማ። መንገድ ስትነሱ የሚቀርብላችሁን ነገር ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ይህ ለመንገዱ ነው ወይስ ለሰጪው? ለሰጪው ከሆነ አመስግናችሁ እዚያው ተዉለት። ቢያኮርፍ ያኮርፋል፤ ኩርፊያ በረዶ አይደለም፣ አይገድልም።

ታሪኩን ጋቢ ማሸከም ለሚወድ ዘመዳችሁ አሳልፉለት። አትፍሩ፤ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ነው የሚያነበው። እናንተም ራሳችሁን ሽባባው አድርጋችሁ፣ ለራሳችሁ እያዘናችሁ እንዳነበባችሁት እጠረጥራለሁ። እስቲ አሁን አባ ጓንጉልን ሆናችሁ እንደገና አንብቡት። ልጃችሁ፣ እህታችሁ፣ ወዳጃችሁ ከደጃፍ ሊነሳ ሲል «አደራ» ብላችሁ ትከሻው ላይ የጣላችሁት ምን ነበር?