ጽዋውን አስቀድማ ስለቀመሰች ሴት

እናንት የእመቤታችን ወዳጆች፥ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ፤ በአንዲት ደብር አጠገብ ወለተ ኪሮስ የምትባል ባልቴት ነበረች። እርስዋም እመቤታችንን እጅግ ትወድድ ነበርና በየማለዳው ሰላምታዋን ሳታደርስ እህል አትቀምስም፥ በስሟም ለደጅዋ ነዳይ አንድ እፍኝ ቆሎ ሳትሰጥ እሳት አትጭርም ነበር። ነገር ግን ይህች ደገኛ ሴት ክፉ ሕማም ነበረባት፤ ሰው አታምንም። ጎረቤት ደኅና አደርሽ ቢላት ምን ፈልጎ ነው ትላለች፥ ባይላትም ምን አጥፍቶ ነው ትላለች። ከሁሉ አብልጣ የምትጠረጥረው ግን ሸክላ ሠሪዋን ብርቄን ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው የሚል ከንቱ ወሬ በአገሩ ይነገር ነበርና። ብርቄም የማርያም ማኅበር ገብታ ከሁሉ ጋር ከአንድ ጽዋ መጠጣት ከጀመረች ወዲህ ወለተ ኪሮስ እንቅልፍ አጣች።

ከዕለታት በአንዲቱ ቀን ማኅበሩ በወለተ ኪሮስ ቤት ዋለ። ያን ሰሞን አፍንጫዋ ይፈስስ፥ ጉሮሮዋን ይከረክራት፥ ያስነጥሳትም ነበር፤ እርስዋ ግን የጌሾ ብናኝ ነው ብላ ናቀችው። በአገሩ ልማድ የምትቀዳ ሴት ጠላው መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች። ወለተ ኪሮስ ግን ይህ አልበቃትም፤ ብርቄ በመካከል አንዳች ብትጨምርስ ብላ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር እየተቀበለች በገዛ ከንፈሯ ትቀምስ ነበር፥ ዓይኗንም ከብርቄ ጣቶች ላይ አልነቀለችም። ማኅበርተኞቹም ምን ያለች ጠንቃቃ ሴት ናት ብለው አመሰገኗት።

ከዚያም ጥቂት ቀን ቆይቶ ማኅበርተኛው በሙሉ ታመመ፤ ራስ ይፈልጣል፥ ሰውነት ይቆረጥማል፥ ሳል ያፍናል። ወለተ ኪሮስም በትኩሳት እየነደደች ለመጣ ለሄደው ሁሉ ብርቄ በልታናለች አለች። ብርቄም ራሷ ታምማ እየሳለች ነው ቢሏት፥ ለማስመሰል ነው አለች። የአገሩ ሽማግሌዎችም ተማክረው፥ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብርቄን ከነልጆቿ ከአገር ሊያስወጧት ቈረጡ።

ብርቄ ግን ይህን እያወቀች ዳማከሴ የተቀቀለበት ውኃ ማር ጨምራበት በማሰሮ ይዛ ወደ ወለተ ኪሮስ ቤት መጣችና ትኩስ ትኩሱን እንድትጠጣ፥ በእንፋሎቱ እንድትታጠን፥ ተሸፍናም እንድታርፍ፥ ትንፋሽ ካጠራት ግን ሳትውል ሳታድር ለሐኪም እንድትታይ ነግራት ሄደች። ወለተ ኪሮስም እንደ ምንም ከመደቧ ተነሥታ ማሰሮውን ከደጅዋ ድንጋይ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ከማንም እጅ ውኃ አልቀበልም ብላ ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ ተጠማችና ለሞት ቀረበች። በዚያን ጊዜ እያለቀሰች፥ «እመቤቴ ሆይ፥ የበላችኝን ሴት ፊቷን አሳይኝ» ብላ ለመነች።

እኩለ ቀንም በሆነ ጊዜ እመቤታችን የማኅበሩን ጽዋ ይዛ ተገለጠችላት። በጽዋው አፍ ዙሪያ የጠጡት ሁሉ ከንፈር ታትሞ ነበርና ወለተ ኪሮስ ቸኩላ የብርቄን ፈለገች፤ ከእያንዳንዱ ሰው ከንፈር አጠገብ ያገኘችው ግን የራሷን ነበር። እመቤታችንም፥ «ልጄ ሆይ፥ ይህ ጉንፋን ነው እንጂ የሰው ዓይን አይደለም። ሁሉንም ያጠጣሻቸው አንቺ ነሽ፤ ብርቄንም ጭምር። አሁንም ተነሥተሽ የሰጠችሽን ጠጪ» አለቻትና ተሰወረች።

ወለተ ኪሮስም ደንግጣ እየዳኸች ወጣች፤ እነሆም ማሰሮው ከድንጋዩ ላይ ሳይሰበር ቆሞ ነበር፥ ውኃውም ገና ይተንን ነበር። ያን ጊዜ እጅግ አፈረች። ጠጣችም፥ ታጠነችም፥ ተሸፍናም ተኛች፤ ከዚያም ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

በእሑድም ጉልበቷ ሳይጸና፥ ነጠላዋን በአፏ ላይ ጠምጥማ በምርኩዝ መጣች። ሽማግሌዎቹ ብርቄን ወደ መካከል በጠሯት ጊዜ ወለተ ኪሮስ ከፊቷ ቆመችና፥ «የምታስወጡ ከሆነ እኔን አስወጡ፤ በሽታውን ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ» አለች፥ ያየችውንም ሁሉ ነገረቻቸው። ሕዝቡም አደነቁ፥ ሽማግሌዎቹም ብርቄን ይቅርታ ለመኗት፥ ሁሉም እመቤታችንን አመሰገኑ። ብርቄም ለማኅበርተኛው ሁሉ የየራሱን ዋንጫ ሠራች።

ማኅበሩ ዳግመኛ በተሰበሰበ ጊዜ የቀዳችው ብርቄ ነበረች። እንደ ልማዱም ልትቀምስ መዳፏን ስትዘረጋ ወለተ ኪሮስ እጇን ያዘቻትና ሳታስቀምሳት ጠጣች።

እኛንም ከሥጋ ሕማምና ባልንጀራን ከመጠርጠር በምልጃዋ ትፈውሰን፤ ይህን የሰማችሁትንም በቤታችሁ ታቁምላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።